መልኩ አስፈሪ፣ ጠባዩ የዋህ



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና ከዐዋቂዎች የሰማሁትን ነው። በዚህ ወር ግን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ጥፋቱ የአንዲትን እናት የአራት ሌሊት እንቅልፍ የወሰደ ነውና፣ ሌላ ሰው ባለማወቅ እንዳይደግመው ብናገረው ይሻላል።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በሰፈራችን የምትኖር አንዲት እናት የታጠፈ ወረቀት በእጇ ይዛ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ቆማ ጠበቀችኝ። የሰባት ዓመት ሴት ልጇ ጕንጯ ላይ ትንሽ ቀይ እብጠት ወጥቶባት ነበር። መጀመሪያ የምስር ፍሬ ያህል ነበረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ሽምብራ አከለ። ከጎረቤት አንዱ «ኪንታሮት ነው፤ በፈረስ ጭራ ይታሰር» ሲል፣ ሌላው «ቡግንጅ ነው፤ ይፍረጥ» ሲል፣ እናቲቱ የሁሉንም ምክር ትታ ልጇን ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ሐኪሙም እብጠቱን በሙሉ ቈርጦ አወጣና እንዲመረመር ላከው። ወረቀቱ የዚያ ምርመራ ውጤት ነበረ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙንም ለማግኘት አራት ቀን መጠበቅ ስለ ነበረባት፣ «መምህር፣ እርስዎ ያነቡልኛል ብዬ ነው የመጣሁት፤ ምን ይላል?» አለችኝ።

ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርሁ። የመጀመሪያው መስመር ስለ ትልልቅ ሕዋሳት ይናገራል። ሁለተኛው መስመር ሕዋሳቱ «ያልተለመደ መልክ» እንዳላቸው ይናገራል። ከዚያ በታች ያለውን ለማንበብ ዓይኔ አልደፈረም፤ ፊቴም ጠቈረ። «እኅቴ፣ ሐኪሙ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መለስሁላት። ይህን ስል ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ከቃሌ ይልቅ ፊቴን አንብባ ነበርና እያለቀሰች ሄደች፤ አራት ቀንም አለቀሰች።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣ «ልጅዎ ደኅና ናት። ይህ እብጠት መልኩ አስፈሪ ነው እንጂ ጠባዩ የዋህ ነው፤ በሙሉም ወጥቷል» አላት። ይኸው ቃል በወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ተጽፎ ኖሯል። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ አላነበብሁም ነበር።

ቅኔ ቤት ገብቶ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ቃል ብቻውን አይፈታም። ባለቤቱ፣ ተሳቢውና ቅጽሉ ተደርድሮ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ የዐረፍተ ነገሩ ምሥጢር አይታወቅም። እኔ ይህን ሕግ ለልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ በዚያች ቀን አንዲት ቅጽል ብቻ አንብቤ ፈረድሁ። ኋላ ስለ ነገሩ ሳጠና ግን፣ መርማሪዎቹ ሐኪሞች ራሳቸው በሥራቸው የሚጠብቁት ሕግ ይኸው የቅኔ ቤቱ ሕግ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ያልተለመደ ሕዋስ በማየት ብቻ አይፈርዱም፤ እስከ መጨረሻው ያነባሉ። እንዴት አድርገው እንደሚያነቡ እንመልከት።

በቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ግርጌ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ሜላኒን የሚባለውን ቀለም ማዘጋጀት ነው። ነጭ በምንለው ሰውና ጥቁር በምንለው ሰው ቆዳ ውስጥ ያሉት የእነዚህ ሕዋሳት ቍጥር ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚያዘጋጁት ቀለም መጠንና ዓይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ሲበዙ በቆዳ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀላ ያለ እብጠት ይሆናሉ። ሕዝባችን ሲወለድ አብሮ የመጣውን ምልክት «ማርያም የሳመችው» እያለ በፍቅር ይጠራዋል። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነጥብ ባለቤቱን ሳይጎዳ አብሮት ይኖራል።

ሐኪሞች አንድን እብጠት የዋህ የሚሉት በተወለደበት ስፍራ ተወስኖ የሚቀር ሲሆን ነው። ክፉ የሚሉት ደግሞ ወሰኑን ጥሶ በጎረቤቱ አካል ውስጥ የሚገባውን፣ በደምና በሊምፍ መንገድ ተጉዞ በሌላ ስፍራ የሚበቅለውን ነው። ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ወደ ክፋት ሲለወጡ የሚመጣው ካንሰር ሜላኖማ ይባላል። ቶሎ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ የዋሁንና ክፉውን መለየት የሕይወትና የሞት ጕዳይ ነው።

ከልጅቷ ጕንጭ የወጣው ሥጋ መርማሪው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ደረጃ ያልፋል። እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያም ውኃው ተመጥጦ በቀለጠ ሰም ይሞላል፤ ሰሙም ሲቀዘቅዝ ሥጋው እንደ ጧፍ ይጠጥራል። ይህ የጠጠረው ሥጋ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ አራት ወይም አምስት እጅ ብቻ እስኪሆን ድረስ በስለታም ምላጭ ይሠነጠቃል። ስሱ ቅጠል በመስታወት ላይ ተነጥፎ በሁለት ቀለም ይነከራል። አንደኛው ሄማቶክሲሊን የሚባል፣ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የሚገኝ ቀለም ሲሆን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል። ሁለተኛው ኢዮዚን የቀረውን ክፍል ሐምራዊ ሮዝ ያደርገዋል። መርማሪው በማይክሮስኮፕ የሚያየው ይህን ነው።

እንግዲህ የክፉ ሕዋስ መልክ ምን ይመስላል? በሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ይላል። የክፉ ሕዋስ አስኳል ትልቅ ነው፤ ቅርጹ የተዛባ ነው፤ ቀለሙ የጠቈረ ነው፤ ሕዋሱም ቶሎ ቶሎ ይከፈላል። ይህ ትምህርት እውነት ነው፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ነገር ግን ሕዋሳቸው ይህንኑ አስፈሪ መልክ ይዞ ሳለ ማንንም የማይጎዱ እብጠቶች አሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1910 ዳርዬና ሲቫት የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በአንድ ሕፃን አፍንጫ ላይ በፍጥነት ያደገ እብጠት መርምረው፣ የዋህ ይሁን ክፉ ለመወሰን እንደ ተቸገሩ ጽፈዋል። ከዚያም በኋላ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማ የተባለው የሕፃናት እብጠት፣ እንደ ዐዋቂዎቹ ሜላኖማ አይገድልም። ወረቀቱ ይሞታሉ ያላቸው ልጆች አድገው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምራ የጻፈችው ሶፊ ስፒትዝ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ናት። በ1910 በቴነሲ ክፍለ ሀገር በናሽቪል ከተማ ተወልዳ፣ በዚያው በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሥነ ደዌ ተቋም ሠርታለች፤ ከኮሎኔል ጄምስ አሽ ጋርም ስለ ሞቃት አገሮች በሽታዎች በሥዕል የተብራራ መጽሐፍ በ1945 አሳትማለች። ኋላም በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሳለች፣ በ1948 የዐሥራ ሦስት ልጆችን እብጠት መርምራ ያገኘችውን ጻፈች። ልጆቹ ከዐሥራ ስምንት ወር እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የሁሉም ሕዋሳት መልክ የሜላኖማን መልክ ይመስል ነበር፤ በበሽታው የሞተችው ግን አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ስፒትዝ ለዚህ እብጠት የሰጠችው ስም «የልጅነት ሜላኖማ» የሚል ነበረ። ስሙ የካንሰርን ቃል እንደ ያዘ ስለ ቀረ ብዙ ወላጆችን አስደንግጧል። ዛሬ ሐኪሞች ያን ስም ትተው እብጠቱን በእርሷ ስም «የስፒትዝ ኔቨስ» ይሉታል፤ ኔቨስ ማለት የቆዳ ነጥብ ማለት ነው። እርሷ በ1956 ገና በአርባዎቹ ዕድሜዋ ሳለች በካንሰር ዐረፈች። የሥራዋ ፍሬ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፊታቸውና እግራቸው በከንቱ በሰፊው እንዳይቈረጥ ያደረገቻቸው ልጆች ቍጥራቸው ብዙ ነው።

መርማሪው ታዲያ የሕዋሱ መልክ የሚያሳስት ከሆነ በምን ይፈርዳል? መልሱ አጭር ነው። ሕዋሱን ብቻ ሳይሆን ማኅበሩን ያያል።

በመጀመሪያ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ የእብጠቱን ጠቅላላ ቅርጽ ይመለከታል። በማኅሌት ጊዜ ካህናት በቀኝና በግራ ተሰልፈው ሲቆሙ አንዱ ወገን ሌላውን እንደሚመስል፣ የዋሁ እብጠት በመካከል ቢከፈል ግራው ቀኙን ይመስላል። ዳርቻውም ተለይቶ ይታወቃል። ሜላኖማ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ወገኑ ከሌላው አይገጥምም፤ ዳርቻውም የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ከላይ ወደ ታች ያነባል። በስፒትዝ ኔቨስ ላይኛው ክፍል ያሉት ሕዋሳት ትልልቅ ናቸው። ግማሾቹ እንደ እንዝርት የሾሉ፣ ግማሾቹ ሞላ ያሉ ሆነው በጎጆ በጎጆ ተሰብስበው ይታያሉ። ወደ ጥልቁ በወረዱ መጠን ግን እያነሱና እየተበተኑ ይሄዳሉ። ሊቃውንቱ ይህን «መብሰል» ይሉታል። ሜላኖማ ግን በላይ እንደ ነበረ በታችም ያው ነው፤ አይበስልም።

ሦስተኛ፣ በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን ይቈጥራል። ከላይ በኩል ጥቂት ቢገኙ በልጅ ላይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በጥልቁ ሥር ብዙ ሆነው ቢገኙ ግን ጥርጣሬው ይከብዳል።

አራተኛ፣ በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን እንክብሎች መኖራቸውን ይፈልጋል። ሂዴኮ ካሚኖ የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ1979 ስለ ጻፈችባቸው በስሟ የካሚኖ እንክብሎች ይባላሉ። መገኘታቸው የዋህነትን ያመለክታል፤ ነገር ግን ብቻቸውን ለፍርድ አይበቁም፤ አለመገኘታቸውም ክፋትን አያረጋግጥም።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው፣ የባለቤቱ ዕድሜ ነው። በሰባት ዓመት ልጅ ጕንጭ ላይ የዋህ ነው የሚባለው መልክ፣ በስድሳ ዓመት ሽማግሌ ጀርባ ላይ ቢገኝ መርማሪው በብርቱ ይጠራጠራል። ስለዚህ ሥጋውን የሚልከው ሐኪም ዕድሜውን፣ እብጠቱ የወጣበትን ስፍራና ያደገበትን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። እናት ለሐኪም የምትናገረው ቃል እስከ ማይክሮስኮፑ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

ጎረቤቶች የመከሩት የፈረስ ጭራም ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ አሁን ይታያል። እብጠት ታስሮ፣ ተቃጥሎ ወይም በከፊል ተፍቆ ከተረፈ ሥር እንደ ገና ሲያድግ፣ የዋሁ ነጥብ እንኳ በጠባሳው ላይ ሕዋሳቱ ተዘበራርቀው ሜላኖማ ሊመስል ይችላል። ይህን የሐሰት መልክ በ1975 ኮርንበርግና አከርማን የተባሉ ሐኪሞች ገልጸው ጽፈዋል። ከዚህም በላይ ክፉው እብጠት ተቃጥሎ ቢሆን ምስክርነቱ አብሮ ይጠፋል። ቍራጭ ብቻ የተላከለት መርማሪ ግራውን ከቀኙ፣ ላዩን ከታቹ ሊያስተያይ አይችልም። ግማሽ ቅኔ ሰምቶ ፍታ እንደ ተባለ ተማሪ ይሆናል።

መልኩ የሚያሳስተው ይህ አንድ እብጠት ብቻ አይደለም። በነርቭ ሽፋን ላይ የሚወጣ አንድ የዋህ እብጠት አለ። ለብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ሕዋሳቱ ያረጃሉ፤ አስኳላቸውም ያብጣል፣ ይጠቍራል፣ ቅርጹም ይዛባል። ነገር ግን ይህ የእርጅና ምልክት ነው እንጂ የክፋት አይደለም፤ ሕዋሳቱም አይከፈሉም። አከርማንና ቴይለር የተባሉ ሐኪሞች በ1951 በጻፉት መሠረት «የጥንት» እብጠት የሚል ስም ወጥቶለታል። እንዲሁም ከቆዳ ሥር ካለው ጅማታም ክፍል የሚበቅል፣ ከላይ ሲታይ ተራ የሥጋ ጕብታ የሚመስል፣ በማይክሮስኮፕ ግን እጅግ የተዛቡ ትልልቅ አስኳሎች ያሉት እብጠት አለ። ስለ እርሱ በ1989 የጻፈችው ያችው ካሚኖ ከባልደረቦቿ ጋር ናት። በእነዚህም ሁሉ መርማሪውን ከስሕተት የሚያድነው ያው ሕግ ነው። የሕዋሱን ፊት ብቻ ሳይሆን የማኅበሩን ሥርዐትና የሥራውን ጠባይ ማየት ነው።

ነገር ግን ሁሉ ጊዜ ፍርዱ ቀላል ነው ብል እዋሻለሁ። በ1999 በታተመ አንድ ጥናት ላይ ዐሥር የታወቁ መርማሪዎች ሠላሳ አስቸጋሪ እብጠቶችን ለየብቻቸው እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። የስፒትዝን መልክ በያዙት በአብዛኞቹ ላይ በአንድ ቃል ሊስማሙ አልቻሉም። ከዚያም የሚብሰው፣ ኋላ ባለቤቶቻቸውን የገደሉ አንዳንድ እብጠቶችን ብዙዎቹ መርማሪዎች ሜላኖማ አላሏቸውም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች እነዚህን እብጠቶች በሁለት ሳይሆን በሦስት ክፍል ይመድቧቸዋል። እነርሱም የዋሁ፣ ክፉውና በመካከል ያለው አጠራጣሪው ናቸው። የሕዋሱን የዘር ውርስ ጽሕፈት ማንበብም ተጀምሯል። በ2000 ከስፒትዝ እብጠቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ኤችራስ የሚባለው ጂን እንደ ተለወጠ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በሌሎቹ ውስጥ ሁለት ጂኖች ተሰብረው እርስ በርሳቸው እንደሚጣበቁ ታወቀ። ይህ ሁሉ ለፍርዱ ተጨማሪ ምስክር ነው፤ ዳኛው ግን አሁንም ሁሉን አስተያይቶ የሚፈርደው መርማሪ ነው።

አጠራጣሪ ነው የሚል ወረቀት የደረሰው ቤተሰብ፣ «ሐኪሞቹ አያውቁም» ብሎ አይቈጣ። የኦሪት ዘሌዋውያንን ዐሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ ይመልከት። በዚያ ካህኑ የቆዳን ምልክት እንዴት እንደሚመረምር ተደንግጓል። ጠጕሩ ነጥቶ እንደ ሆነ ያያል፤ ምልክቱ ከቆዳው ጠልቆ እንደ ሆነ ያያል። ጕዳዩ ካልተገለጠለት ግን አይቸኩልም፤ ሰውየውን ሰባት ቀን ያቆየዋል፤ በሰባተኛውም ቀን ዳግመኛ ያያል፤ እንደ ገናም ሰባት ቀን ይጨምራል። በዚያው ምዕራፍ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ደዌው ከራስ እስከ እግር ሰውነቱን ሁሉ ሸፍኖ ያነጣው ሰው፣ ለተመልካች ከሁሉ የከፋ መስሎ ሳለ፣ ንጹሕ ነው ይባላል። እንግዲህ መልክ አይቶ ቶሎ አለመፍረድ ማይክሮስኮፕ ሳይፈጠር ለካህናት የተሰጠ ሥርዐት ነው። የዛሬው መርማሪም «ዳግመኛ ይታይ፤ ሌላ ዐዋቂም ይየው» ሲል ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

እስካሁን የተናገርሁት ግን አንባቢን ወደ ሌላው ገደል እንዳይገፋው እፈራለሁ። የሚያስፈራ ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የማያስፈራም ሁሉ የዋህ አይደለም። ሜላኖማ የነጮች በሽታ ነው፤ እኛን አይነካም የሚል ወሬ አለ። እርግጥ ነው፣ በጥቁር ቆዳ ላይ በቍጥር ያንሳል። በሚወጣበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ስለሚወጣ፣ ሰው እሾህ የወጋው ወይም ጫማ የፈገፈገው እየመሰለው ሳያስታምመው ይቈያል። ዘፋኙ ቦብ ማርሊ፣ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ይስሐቅ እጅ የተጠመቀው ጃማይካዊ፣ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ በግንቦት ወር 1981 በሠላሳ ስድስት ዓመቱ በማያሚ ከተማ ዐረፈ።

እንግዲህ ለቤተሰብ የሚጠቅመውን ጥቂት ምክር ልሰብስብ።

በልጅ ገላ ላይ አዲስ እብጠት ወጥቶ በሳምንታትና በወራት የሚያድግ ከሆነ፣ በዐዋቂም ላይ አንድ ነጥብ መልኩን፣ መጠኑን ወይም ቀለሙን ቢለውጥ፣ ቢደማ፣ ወይም ቍስሉ አልድን ቢል ሐኪም ይየው። ልጆችን ስናጥብ ውስጥ እግራቸውንና የጥፍራቸውን ሥር እንመልከት፤ የራሳችንንም አንርሳ።

እብጠትን በቤት ውስጥ ማሰር፣ መተኰስ፣ በአሲድ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማሸት ይቅር። ጠበል የምንጠመቅ ሰዎች በእምነታችን እንጽና፤ ጠበሉ ግን ወደ ሐኪም መሄድን አይከለክልም። በመጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

ሐኪሙ የቈረጠው ሥጋ ተመርምሮ እንደ ሆነ እንጠይቅ። «ትንሽ ናት፤ ምን ያስመረምራታል» ተብሎ የተጣለ ሥጋ ኋላ ቢፈለግ አይገኝም። የምርመራውንም ወረቀት እንደ ክርስትና ማስረጃ በደኅና ስፍራ እናኑር፤ ከዓመታት በኋላ በዚያው ስፍራ እብጠት ቢመለስ የመጀመሪያው ወረቀት ትልቅ ምስክር ነውና።

ወረቀቱን ስናነብ ወይም ስናስነብብ ደግሞ፣ ያልተለመደ የሚለው ቃል መግለጫ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን እንወቅ። ፍርዱ መደምደሚያው ላይ ነው። ሐኪሙንም ሦስት ነገር እንጠይቀው። የዋህ ነው፣ ክፉ ነው ወይስ አጠራጣሪ? በሙሉ ወጥቷል ወይስ ዳርቻው ቀርቷል? እንደ ገና መቼ እንታይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተመለሱለት ሰው የሚገባውን ያህል ያውቃል።

ለእኔ ቢጤ ፊደል ለቈጠሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በአገራችን ማንበብ የሚችል ሰው የጎረቤቱ ዓይን ነው። ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና የሐኪም ወረቀት ወደ እርሱ ይመጣል። ይህ አደራ ነው። ያልገባንን «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ ግማሹን አንብቦ ፊትን ማጥቈር ግን ጕዳት ነው። ቢቻል ወረቀቱን ይዘን ከባለቤቱ ጋር ወደ ሐኪሙ እንሂድ። እኔ በዚያች ቀን ያን ባደርግ ኖሮ፣ ወይም ሁለት መስመር ወርጄ ባነብ ኖሮ፣ አንዲት እናት አራት ሌሊት ባልነቃች ነበር።

ልጅቷ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። በጕንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ካልነገሩት በቀር የሚያስተውለው የለም። እናቷን ሄጄ ይቅርታ በጠየቅኋት ጊዜ፣ «መምህር፣ እርስዎም እኮ ደንግጠው ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ቡና አፈላችልኝ። ይቅርታዋን ተቀብያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማናቸውንም ወረቀት ለሰው ሳነብ፣ ማሰሪያ አንቀጹን ሳላገኝ ቀና አልልም።